ካዛንችስና የንግድ ቤት ደጃፍ፦ ደንበኛን ስለ መመለስ የቀረበ ታሪካዊ ጽሑፍ

በአዲስ አበባ ከተማ በቂርቆስ ክፍል ከሚገኙት ሰፈሮች መካከል ካዛንችስ የሚባለው ስም ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ስሙ አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም፤ የባላባት ወይም የጦር አለቃ መታሰቢያም አይደለም። ጎረቤቱ ቂርቆስ ስሙን ያገኘው ከታቦቱ ነው፤ ለገሐር የተባለውም የምድር ባቡር ጣቢያ በፈረንሳይኛ ከሚጠራበት ቃል የተወሰደ ነው። ካዛንችስ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ነው። በኢጣልያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት እንዲሠራ የተቋቋመ ድርጅት ነበረ፤ በአጭሩም «ኢንቺስ» ይባል ነበር። የዚህ ድርጅት ቤቶች በኢጣልያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብም ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ «ካዛንችስ» አላቸው።

እነዚህ ቤቶች የተሠሩት የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሲሆን፥ የታሰቡትም ከኢጣልያ ለመጡ የመንግሥት ሹማምንትና ጸሓፊዎች ነበር። ኢትዮጵያዊ ወደዚያ ሰፈር ቢገባ አገልጋይ ሆኖ እንጂ ጎረቤት ሆኖ አልነበረም። ስለዚህ የሰፈሩ ስም ቤቱ ለማን እንደ ተሠራ ሲናገር ለማን እንዳልተሠራም አብሮ ይናገራል። «የግል ንግድ ቤት ያልወደደውን ደንበኛ የመመለስ ነጻነት ሊኖረው ይገባልን?» የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር በኢትዮጵያ ውስጥ ከካዛንችስና ከአካባቢው የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በአንድ ወገን የቆሙት እንዲህ ይላሉ፦ ሱቁ የነጋዴው ነው፤ ገንዘቡን ያወጣ፥ ኪሣራውን የሚሸከምና ግብሩን የሚከፍል እርሱ ነው፤ ውልም በሁለት ሰዎች ፈቃድ እንጂ በአንዱ ግዳጅ አይቆምም፤ ስለዚህ ለማን እንደሚሸጥ የሚያዘው ሌላ ከሆነ ነጋዴው ነጋዴነቱ ቀርቶ ገባር ሆነ ማለት ነው። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ፦ ደጁን ለገበያ የከፈተ ሰው ሱቁን እንደ መኝታ ቤቱ ሊቈጥረው አይችልም፤ እንጀራ፥ መድኃኒት፥ ማደሪያና መጓጓዣ የሚገኘው ከንግድ ቤት በሆነበት ከተማ ውስጥ ከየደጃፉ የተመለሰ ሰው ከከተማው እንደ ተባረረ ይቈጠራል ይላሉ። በሁለቱም ቃል ውስጥ እውነት አለ። የትኛው እንደሚመዝን ግን ከታሪኩ ሳይነሡ በባዶ ክርክር መፍረድ አይቻልም።

ከእንግዳ ወደ ደንበኛ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር በቀድሞው ልማድ መንገደኛ የሚያድረው በገንዘብ አልነበረም። ሲመሽበት ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ይህ አነጋገር የትሕትና ቃል ብቻ አልነበረም። ሰው በቤቱ ላይ ያለው ሥልጣን ፍጹም እንዳልሆነና ከርሱ በላይ ሌላ ባለቤት እንዳለ የሚያስታውስ ያልተጻፈ ሕግ ነበር። እግሩ የታጠበ፥ እህል የቀመሰና መደብ የተነጠፈለት መንገደኛ ዋጋ አይጠየቅም፤ ባለቤቱም በተራው መንገደኛ በሚሆንበት ቀን ያንኑ ይጠብቃል።

ነገር ግን ይህን ልማድ ከመጠን በላይ ማሞገስ ከታሪክ እውነት ያርቃል። ደጃፉ ለሁሉ እኩል አልተከፈተም ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፥ ቆዳ ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው በብዙ ስፍራ ይናቁ ነበር፤ የእጃቸው ሥራ ሲፈለግ ሰውነታቸው ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ብርታት ያሳያል፤ ያልነበረን ነገር ለመከልከል ዐዋጅ አይነገርምና። ዐዋጁም ቢሆን ልማዱን ፈጽሞ አልነቀለውም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከፋ አገር ማንጆ የተባሉት ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ቤት ገብተው እንዳይበሉ ይከለከሉ እንደ ነበረና፥ በከተማ ሻይ ቤት እንኳ ቢስተናገዱ ለብቻው በተለየ ስኒ እንደ ነበረ በቅርብ ዘመን የተደረጉ ጥናቶች ገልጸዋል። እንግዲህ ሰውን በማንነቱ ምክንያት ከደጃፍ የመመለስ ነገር ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ በሽታ አይደለም።

በገንዘብ መስተንግዶ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሲከፈት፥ ምግብን በዋጋ መሸጥና መግዛት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው እንደ ነበረና ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ምሳሌ እየሆኑ እንዳለማመዷቸው በሰፊው ይተረካል። ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚነገር ቢመስልም ትልቅ ለውጥን ያመለክታል። እንግዳ ወደ ደንበኛ ተለወጠ። እንግዳን ያስገባ የነበረው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነበረ፤ ደንበኛን የሚያስገባው ብሩ ነው። በብር መግባት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ይኸውም ብር የያዘ ሁሉ የማንም ልጅ ቢሆን እኩል ይሆናል። አንድ ክፉ ነገርም አለው፤ ባለ ሆቴሉ ከእግዚአብሔር ጋር የነበረው ውል ስለ ተቋረጠ፥ ብሩን አልፈልግም ቢል የሚጠይቀው የለም።

ዘመነ ወረራና የተዘጋው በር

ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ከተማይቱን ለሁለት ለመክፈል አሰቡ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን ባወጡት የከተማ ፕላን የአውሮፓውያንና የአገሬው ሰው መኖሪያ እንዲለያይ ተወሰነ። በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ይቆም የነበረው ታላቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ «መርካቶ ኢንዲጀኖ» ማለት የአገሬው ሰው ገበያ ተባለ፤ ዛሬ መርካቶ የሚባለው ይኸው ነው። የቀድሞው ገበያ ሥፍራና ዙሪያው ለኢጣልያኖች ንግድ ሆነና ፒያሳ ተባለ። ሹማምንቱ በካዜ ኢንቺስ፥ ዝቅተኛው ሠራተኛ ደግሞ «ካዜ ፖፖላሪ» በተባሉት ቤቶች እንዲቀመጥ ታሰበ፤ ፖፖላሬ የሚባለው ሰፈር ስም ከዚህ የቀረ ነው። እንግዲህ መርካቶ፥ ፒያሳ፥ ፖፖላሬና ካዛንችስ የሚሉት አራት ስሞች በአንድነት ሲነበቡ የዚያን ዘመን የክፍፍል ካርታ ይሆናሉ።

ክፍፍሉ በሕግ ተደገፈ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሚያዝያ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ኢጣልያዊ ዜጋ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንደሚቀጣ ደነገገ። ሰኔ 29 ቀን 1939 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ሕግ «የዘርን ክብር» ለመጠበቅ በሚል ስም ቀጥሎ መጣ፤ ከሌሎቹ ክልከላዎች ጋርም ኢጣልያዊ ሰው ለአገሬው ተወላጆች በተለዩት የሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች አዘውትሮ ቢገኝ እንዲቀጣ አደረገ። ቡና ቤቱ፥ ምግብ ቤቱ፥ ሲኒማውና የሕዝብ ማመላለሻው ሳይቀር በቀለም ተለየ። ኢትዮጵያዊ በገዛ ከተማው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ከደጃፍ ይመለስ ጀመር።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በተለምዶ ክርክሩ የሚቀርበው የነጋዴው ነጻነትና የደንበኛው እኩልነት እንደ ተጣሉ ተደርጎ ነው። በዘመነ ወረራ ግን ነጻ የሆነ ነጋዴ አልነበረም። ከካላብሪያ ወይም ከሲሲሊያ ድኽነት ሸሽቶ የመጣ ባለ ጠጅ ቤት ኢትዮጵያዊ ደንበኛ እንዲገባለት ቢፈልግ እንኳ ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር። ኢጣልያዊው ሠራተኛም ከኢትዮጵያዊ ጓደኛው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለመቀመጥ ቢወድ በወንጀል ይጠየቅ ነበር። ሕጉ መውጣቱ ራሱ ምስክር ነው፤ ሰዎቹ ተጠላልተው በየፊናቸው የሚቀመጡ ቢሆን ኖሮ ለያይቶ ለማስቀመጥ ቅጣት ባላስፈለገም። ስለዚህ የዚያን ጊዜው ክልከላ የሁለቱንም ነጻነት፥ የባለ ሱቁንም የገዢውንም፥ በአንድነት የነጠቀ ነበረ።

ዕቅዱም እንደ ታሰበው ሊፈጸም አልቻለም። ጊዜውም ገንዘቡም አልበቃም፤ አርበኞችም በየበረሃው ጦርነቱን አላቆሙም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ ሲመለሱ ከተማይቱ ገና በግማሽ የተከፈለች ነበረች።

ከነጻነት በኋላ

ከነጻነት በኋላ የሆነው ነገር ከማንኛውም ክርክር የበለጠ አስረጂ ነው። ከኢጣልያኖቹ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጥቂቶቹ በአዲስ አበባ ቀሩ፤ ጋራዥ፥ የእንጨት ሥራ ቤትና ምግብ ቤት ከፈቱ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ኢትዮጵያዊ ከማይገባበት ጠረጴዛ ላይ አሁን ለኢትዮጵያዊ ፓስታና ማኪያቶ ያቀርቡ ጀመር። እጃቸውም አፋቸውም ያው ነው፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ነጋዴ «ጠባዬ ነው፥ አልችልም» ብሎ የሚያቀርበው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከጠባይ ይልቅ የዘመኑ ሥርዓት ልማድ መሆኑ ነው።

በካዛንችስም ቤቶቹ ባለቤት ለወጡ። ለአንድ ወገን ብቻ የተሠራው ሰፈር ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሆነ። ከጊዜ በኋላም ቡና ቤቱ፥ ጠጅ ቤቱ፥ ሥጋ ቤቱና የአዝማሪ ቤቱ በዛ። አዝማሪ ቤት በጠባዩ ደጃፍ ጠባቂ አይወድም፤ የገባውን ሁሉ በግጥም እያነሣና እየጣለ፥ ሹሙንም ሎሌውንም በአንድ መሰንቆ ያጫውታል። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. በዚሁ በካዛንችስ ግርጌ ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። ጥቁር ሰው በአገልጋይ በር ብቻ ይገባበት ከነበረው ሰፈር በእግር መንገድ ርቀት የጥቁር ሕዝብ መሪዎች በዋናው በር ገቡ።

ሕጉም በዚያው ዘመን ተጻፈ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሲቪል መብቶች አጠቃቀም በኢትዮጵያውያን መካከል ልዩነት እንዳይደረግ ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ውልን በተዋዋዮች ስምምነት ላይ አቆመው። ሁለቱ ሕጎች የክርክሩን ሁለት ወገኖች ይመስላሉ፤ አንዱ እኩልነትን ሲናገር ሌላው ፈቃድን ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ በዋነኛው ከመንግሥት ጋር ያለውን ግንኙነት ስለሚመለከት፥ በባለ ሱቅና በገዢ መካከል ያለው ደጃፍ በአመዛኙ ለልማድና ለሕሊና ተተወ።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መንግሥት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፥ ስኳርና ዘይትን የመሰለ ሸቀጥ በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በኩል ይከፋፈል ጀመር። በቀበሌው ያልተመዘገበ ሰው ከዚያ ሱቅ መግዛት አይችልም ነበር። ይህ ደግሞ የነጋዴውን ነጻነት የሚደግፉት ሰዎች የሚያነሡት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ማን ለማን ይሽጥ የሚለውን መንግሥት ጠቅልሎ ሲይዘው፥ የመመለስ ሥልጣን ከደጃፍ አይጠፋም፤ ከባለ ሱቁ ወደ መዝጋቢው ይሸጋገራል እንጂ።

የሌላው ዓለም ምሳሌ

ጥያቄው በሰፊው የተፈተነው በአሜሪካ አገር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የካቲት 1 ቀን 1960 ዓ.ም. በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች በአንድ ትልቅ ሱቅ የምሳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እንዳይስተናገዱ ተከለከሉ። ሱቁ ሌላውን ዕቃ ሲሸጥላቸው ገንዘባቸውን ተቀብሎ ነበር፤ የከለከላቸው ከነጭ ጋር በአንድ ወንበር ተርታ መቀመጥን ነው። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ በሜሪላንድ አውራ ጎዳና በምግብ ቤቶች ያረፉ የአፍሪካ ዲፕሎማቶች፥ የቻድ አምባሳደር ጭምር፥ እየተመለሱ የአሜሪካን መንግሥት እጅግ አሳፈሩት። የአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴሎች፥ ምግብ ቤቶችና የትርኢት ቤቶች ሰውን በዘር፥ በቀለም፥ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር እንዳይመልሱ ከለከለ። በአትላንታ ከተማ የአንድ ሆቴል ባለቤት ሕጉን ተቃውሞ ከሰሰ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ፥ ያልፈለገውን ሰው እንዲያስተናግድ መገደዱ እንደ ባርነት ሥራ ይቈጠራል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 14 ቀን 1964 ዓ.ም. ክርክሩን ውድቅ አደረገው። በርግጥም የሚያስገርም ክርክር ነበረ፤ የባሮች የልጅ ልጆች አልጋ ለመከራየት ገንዘብ ይዘው ሲመጡ፥ አከራዩ ባሪያ ሆንኩ ብሎ ጮኸ።

«ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል፤ ብር የሚመልስ ነጋዴ ይከስራል» የሚሉ አሉ። ቃሉ በሰላም ጊዜና ብዙ ሱቅ ባለበት ስፍራ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክልከላው የአንድ ሱቅ ሳይሆን የጎዳናው ሁሉ ልማድ ሲሆን፥ የሚከስረው የሚያስገባው ነው፤ ሌሎቹ ደንበኞቹ ይሸሹታልና። በአሜሪካ ደቡብ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ገበያው ምንም አላስተካከለም።

የምክንያት መለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ደንበኛ ፈጽሞ አይመለስ የሚል አይደለም። ባለ ጠጅ ቤት የሰከረውንና ሰው የሚሳደበውን ቢያስወጣ፥ ባለ ሆቴል የከረመ ዕዳውን ያልከፈለውን አልቀበልም ቢል፥ ባለ ሱቅ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ቢዘጋ የሚነቅፈው የለም። በነዚህ ሁሉ የተመለሰው ሰው በድርጊቱ ወይም በጊዜው ምክንያት ነው፤ ድርጊቱን ቢያርም ወይም ነገ ቢመጣ ይገባል። በዘሩ፥ በቀለሙ፥ በቋንቋው፥ በሃይማኖቱ ወይም በአካሉ ጉዳት የተመለሰ ሰው ግን ሊያርመው የሚችል ነገር የለም፤ ነገ ቢመጣም ያው ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳና ሁልጊዜ የሚታይ አንድ ምሳሌ ይህን ያብራራል። ሥጋ ቤቶች የክርስቲያን ወይም የሙስሊም መሆናቸውን በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ያስታውቃሉ። ለባዕድ ሰው ይህ ምልክት መለያየት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ምልክቱ የሚናገረው ስለ ዕርዱ ነው፤ ማን ይግባ ማን አይግባ አይልም። የሚመርጠው ገዢው ነው፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ማንንም አይመልስም። ስለ ሸቀጡ እውነቱን የሚገልጽ ምልክትና ስለ ሰውየው የሚፈርድ ምልክት እንዲህ ይለያያሉ። በዘመነ ወረራ በየደጃፉ የነበረው ክልከላ የሁለተኛው ዓይነት ነበረ።

የዛሬው ሕግ ወደዚህ ፍርድ ቀርቧል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 የእኩልነትን መብት በሰፊው ይዘረዝራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፥ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይገልጻል፤ ገበያውን በበላይነት የያዘ ነጋዴም ከተለመደው የንግድ አሠራር ውጭ አልገበያይም እንዳይል ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ይህ የመጨረሻው ከሌሎቹ ያነሰ አይደለም፤ ደረጃ ብቻ ያለው መግቢያ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩን ሰው ያለ ቃል ይመልሰዋልና።

ይሁን እንጂ ሕጉ በአክብሮት አስተናግድ ማለቱ በማንነቱ አትመልስ ከማለት ጋር አንድ አይደለም። በደጃፍ የሚቆመው ዘበኛ አዋጅ አያነብም፤ የሚያነበው የሰውየውን ልብስና ፊት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ደንበኛ ሲመልስ ምክንያቱን በግልጽ የመናገር ግዴታ ቢኖርበት፥ የነጋዴውም ነጻነት የደንበኛውም ክብር ይጠበቅ ነበር። እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው ለመናገር አይቸገርም፤ ሊናገረው የሚያፍርበት ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊመልስበት የማይገባው ነው።

የካዜ ኢንቺስ ቤቶችና ዙሪያቸውን የከበቡት መንደሮች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ ቡና ቤቱና የአዝማሪ ቤቱም አብሮ ተነሣ። በቦታው ሰፊ መንገድና ረጃጅም ሕንፃ ይቆማል፤ በየሕንፃው ደጃፍም ዘበኛና መፈተሻ ይኖራል። መፈተሹ ተገቢ ነው፤ ዘመኑ ያስገድዳልና። የሚፈተሸው ግን የሰው ዕቃ ይሁን እንጂ የሰው ማንነት አይሁን። ለአንድ ወገን ብቻ ተብሎ የተሠራ ሰፈር የሁሉ እስኪሆን ድረስ 5 ዓመት ጦርነትና ብዙ ደም ፈሷል፤ የሁሉ የነበረ ሰፈር የጥቂቶች ሆኖ እንዲቀር ግን ጦርነት አያስፈልግም፤ ዋጋውና ዘበኛው ብቻ ይበቃሉ።